ያልተላጨው ዘማች

ኦጉቱ ከበርማ ጦርነት ሲመለስ አባቱ ምላጭና ቀይ አውራ ዶሮ ይዘው ከግቢው በር ውጭ ጠበቁት። በጎሣቸው በሉኦዎች ደንብ ሰው የገደለ ዘማች ጠጉሩን ተላጭቶ በዶሮ ደም ሳይነጻ እናቱን አይነካም። ያልገደለ ግን ዝም ብሎ ይገባል። የመንደሩ ሰው በቅንጭቡ አጥር ዙሪያ ተሰብስቦ ይዘፍን ነበር።

«ና ተንበርከክ፣ አንበሳዬ!» አሉ አባቱ።

«ቶሎ ላጩት እንጂ፣ የገደለው ጃፓናዊ መንፈስ እኛም ላይ ሳይሰፍር!» አለ አጎቱ፤ ሰዉ ሳቀ።

ኦጉቱ ጦርነቱን የጨረሰው የመኮንኖች ሸሚዝ ሲያጥብ ነው። ጠመንጃ የያዘው ፎቶግራፍ ሊነሳ ብቻ ነበር፤ ያንኑ ፎቶግራፍ ለአባቱ ልኮላቸዋል። አሁንም ቢላጭ የሚያውቅበት የለም። ነገር ግን ሳይገድል እንደ ገዳይ የሚላጭ ሰው በቤተሰቡ ላይ ሞት ይጠራል ሲባል ሰምቶ ነው ያደገው። ተንበረከከ። ምላጩ ግንባሩን ሲነካው ግን ብድግ ብሎ፣ የማንንም ፊት ሳያይ በበሩ ገባ።

ዘፈኑ ቀጥ አለ። አባቱ ዶሮውን እንደታቀፉ ቀሩ።

«ታዲያ እዚያ ምን ሲሠራ ከረመ?» አለ አጎቱ።

እናቱ ሮጠው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። «ልጄ ማንንም አልገደለም! እጁ ንጹሕ ነው!» እያሉ እልልታውን አቀለጡት።

«እማ፣ በፈጣሪ፣ ቀስ በይ» አለ ፊቱን ትከሻቸው ውስጥ ሸሽጎ።

እሳቸው ግን አጥር ማዶ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ይበልጥ ከፍ አደረጉ።