ጨውና ጎደሬ

ወይዘሮ ዓባይነሽ እጃቸውን ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ከተው ዓሣውን ያሻሉ። በጨው የከረመ ጥሬ ሳልመን፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለበትም። ማንኪያ አይነካውም፤ በጣት ታሽቶ ነው የሚዋሐደው፣ የሃዋይ ሰዎችም በቋንቋቸው «የታሸ ሳልመን» የሚሉት ለዚሁ ነው። ሽንኩርቱ ዓይናቸውን እየለበለባቸው ነበር። ቢሆንም ፊታቸውን አልጠረጉም፤ ልጃቸው እንባ ካየች በሌላ ትተረጉመዋለች።

ልጃቸው ሩሃማ ፍሪጁን ተደግፋ ስልኳን ታያለች። የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሐበሻ ስኳር ወይም ደም ብዛት የያዘው ሁሉ እሷ ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም።

«ቼክ አድርጌዋለሁ፣ እማዬ» አለች። «ፕሮቲኑ አሪፍ ነው፤ ኦሜጋ ስሪም አለው። ሶዲየሙ ግን ላንቺ ብለድ ፕሬሸር አይሆንም። ደግሞ ጥሬ ነው።»

«ሲዘፈዘፍ አድሯል። ውኃውንም ቀያይሬዋለሁ።»

«ቢዘፈዘፍም ጨው ጨው ነው።»

«ጥሬነቱስ? ወንድምሽ አክሊል ቤት የገዛ ጊዜ ያ ሁሉ ቁርጥ ሲቆረጥ ስልክሽ ቻርጅ ጨርሶ ነበር?»

ሩሃማ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ግን ዛሬ ላለመሳቅ ምላ ያደረች ይመስል ከንፈሯን ነክሳ ስልኳ ላይ አቀረቀረች።

ነገሩ የዓሣ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ዕድሜውን በመርከብ ወጥ ቤት ጨርሶ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ጡረታ የወጣ፣ ኬኦኒ የሚባል የሃዋይ ሰው ዛሬ ለምሳ ይመጣል። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ወይዘሮ ዓባይነሽና ኬኦኒ ይጋባሉ። ወንድሟ አክሊል «እናንተ እንዳላችሁ» ብሎ ሄርንደን ቤቱ ተሸሽጓል። ሩሃማ ግን ቁርጡን ተናግራለች፤ ሠርጉ ላይ አትገኝም። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ስታገባ ሰው ምን ይላል የሚሉ የጸሎት ቤት ሴቶችም አልጠፉም። ሰው ማለቱን መቼ ትቶ ያውቃል? ወይዘሮ ዓባይነሽ የሰው አፍ አላሳሰባቸውም። የልጃቸውን ምርቃት ግን ይፈልጉታል፣ አጥብቀው ይፈልጉታል። ይፈልጉታል እንጂ አይለምኑትም።

ከኬኦኒ ጋር ያገናኛቸው ጎደሬ ነው። ቦንጋ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው፤ ጎደሬ ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም። አንድ ቀን አሌክሳንድሪያ፣ የእስያ ሸቀጥ መደብር ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲመርጡ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ግዙፍ ሰውዬ እንደሳቸው እያገላበጠ፣ በጥፍሩ እየጫረ ሲመርጥ አዩት። ምን እንደሚያደርጉት ጠየቃቸው። ቀቅለን እንበላዋለን አሉት። እኛ ደግሞ ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ ኮምጠጥ እስኪል አቆይተን በዓሣ እንበላዋለን አላቸው። በሟች ባላቸው ቤት ጎደሬ የድኻ ምግብ ነው ተብሎ ገበታ ላይ ቀርቦ አያውቅም ነበር። እዚያው መደብሩ ውስጥ ቆመው፣ የልጅነታቸውን ምግብ ያለ እፍረት የሚያወራላቸው ሰው በማግኘታቸው እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

«አባዬን የገደለው ጨው ነው» አለች ሩሃማ ዝግ ባለ ድምፅ።

እጃቸው ሳህኑ ውስጥ ቀጥ አለ። ባላቸው ስትሮክ ጥሏቸው ሲሞቱ ሩሃማ ኮሌጅ ነበረች፤ ኢንጂነሪንጓን ትታ ወደ ምግብ ትምህርት የዞረችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቷ የሚጎርሱትን ሁሉ ትሰፍራለች፣ ትመዝናለች። ከፍቅር እንደሆነ ይገባቸዋል። ፍቅርም ሲበዛ ያንቃል።

«ጨው ብቻ አይደለም የገደለው» አሉ። «አባትሽ ምሳውን ታክሲው ውስጥ፣ ቀይ መብራት ላይ ነበር የሚበላው። ብቻውን። እኔስ? አንቺ ሥራ፣ ልጆችሽ የኳስ ፕራክቲስ። ጨው የሌለውን ምግቤን ሠርተሽ ታስቀምጪልኛለሽ፣ አሙቄ ግድግዳ እያየሁ እበላለሁ። ሁሉን ስትመዝኚ ብቻ መብላቱን መዝነሽው ታውቂያለሽ?»

የበሩ ደወል ጮኸ።

ኬኦኒ ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። የተወቀጠውን ጎደሬ በሳህን ይዞ፣ በካልሲው እየተራመደ ገብቶ ለሩሃማ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እሷም «ዌልካም» አለችው። ድምፅዋ በሽተኛ ስታስተናግድ የምታወጣው ነበር።

ገበታው ቀረበ። እንጀራ፣ ሐምራዊው ጎደሬ፣ ሮዝ ቀይ ዓሣ። ሩሃማ ከጓዳ አንድ ትንሽ ሳህን ይዛ ወጣች፤ በእንፋሎት የበሰለ ብሮኮሊና ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ሥጋ አለበት። እናቷ ፊት አኖረችው።

«የእማዬ ይሄ ነው» አለች፤ ወደ ኬኦኒ ዞራም ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ስታስረዳ ትኩር ብላ ታየው ነበር። እንዲከራከራት የፈለገች ትመስላለች።

ኬኦኒ ግን እስክትጨርስ አዳመጣት። «ልክ ነሽ» አላት። «ዓሣውን በጨው ያከረምኩት እኔ ነኝ፤ የመርከብ ሰው እጁ ጨው ላይ ይከብዳል። ሌላ ጊዜ ጨውነቱን ራሴ አለዝበዋለሁ።» ከዚያም ወደ ወይዘሮ ዓባይነሽ ዞሮ፣ «ዛሬ ይቅርብሽ፣ ዓባይ» አለ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እጮኛቸውን አዩ። ሁለቱ በሳቸው ጉዳይ ተስማምተው አረፉት! ሳቃቸው መጣ፣ ንዴታቸውም አብሮ መጣ። የብሮኮሊውን ሳህን በአንድ ጣት ገፋ አድርገው ከገበታው ጥግ አደረሱት።

«ሌላ ጊዜ ታለዝበዋለህ» አሉት በእንግሊዝኛ። «ዛሬ እበላዋለሁ።» ለልጃቸው ደግሞ በአማርኛ፣ «የቡና ስኒ አምጪ» አሏት።

ሩሃማ ግራ እየገባት አመጣች። ዓሣውን በስኒው ሰፍረው እንጀራቸው ላይ ገለበጡት፤ አጠገቡም ጎደሬውን አደረጉ።

«ይህችን ታህል ነው የምበላው። የሰፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው አልሰፈረልኝም። ቅዳሜም የማገባው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ብትመጪ ደስታዬን አልችለውም። ብትቀሪ አለቅሳለሁ፤ አልቅሼም አገባለሁ።»

ኬኦኒ አማርኛውን ባይሰማም ዓይኑን እንጀራው ላይ ጥሎ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ እንጀራ ቆርሰው ዓሣውን ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ። ሩሃማ ከንፈሯን ገጥማ አየቻቸው። የእናት ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ ይህን የምታውቀው ሶዲየም የሚባል ነገር መኖሩን ሳትሰማ ነው። የቲማቲሙ ውኃ በእናቷ ክንድ ላይ እየወረደ እስከ ክርናቸው ደረሰ። በመጨረሻ አፏን ከፈተች።

ቀስ ብላ አላመጠች። ዓይኗ ውኃ ሞላ። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ፣ እናቷም አልለዩትም።

«ጨው በዝቶበታል» አለች ከዋጠች በኋላ።

«አዎን፣ በዝቶበታል» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ። ጊዜ ሳይሰጧት ሌላ ቆርሰው፣ ከፊተኛው ተለቅ አድርገው ጠቀለሉ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ሩሃማ ጉርሻውን አየች፣ ካልሲ ያጠለቀውን ሰውዬ አየች፣ ጥግ የተገፋውን ብሮኮሊ አየች። አፏን አልከፈተችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። የእናቷ እጅ እየደከመ ነበር። አላወረዱትም።