የተከደነ ሳህን

መጋቢው መዝሙረ ዳዊትን ከፍቶ ገና ሁለተኛው ቁጥር ላይ ሳይደርስ ስብከቱ ተሰናድቶ አለቀ። ርዕስ ወጣለት፣ ነጥቦቹ ተደረደሩለት፣ የመዝጊያ ጸሎቱ ሳይቀር ምላሱ ላይ መጣ። በራሱ ተናደደና መጽሐፉን አጠፈው። ወደዚህ የጽሞና ቤት የመጣው ለመስበክ አልነበረም።

የላኩት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ናቸው። ሚስቱ የተቀበረች ዕለት ቃል ያካፈለው እሱ ራሱ ነበር፤ በሚቀጥለው እሑድም መድረክ ላይ ቆመ። ምእመኑ «እምነት ማለት ይሄ ነው» ብሎ አደነቀ። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለብቻው ወስዶ «ለራስህስ ትጸልያለህ?» ሲል ጠየቀው። ስንቱን ሲያጽናና የኖረ አፍ ለገዛ ሐዘኑ ሲሆን ይተሳሰር ነበር። ዛሬ እዚህ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ነገም እንዲሁ ደርቆ ከተመለሰ አገልግሎቱን ሊተው ቆርጧል።

የቤቱ ደንብ ጥቂት ነው። ስልክ በር ላይ ይቀራል፣ ሁሉም የበላበትን ያጥባል፣ ማንም ለማንም አይጸልይም። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይቅረብ ነው ነገሩ።

ምሳ ላይ አምስት ሆነው ተቀመጡ፤ ሁሉም አገልጋዮች ናቸው። አምስት ሰባኪ በአንድ ገበታ ዝም ብሎ ማየት ራሱን የቻለ ተአምር ነው። ሾርባው እንደቀረበ ወጥ ቤቷ ተመልሳ መጣችና ወደ መጋቢው ጎንበስ አለች።

«ከቤተ ክርስቲያንዎ ደውለው ነው። አንዲት እናት በጠና ታመዋል፤ ልጆቻቸው እርስዎ ካልመጡ እያሉ ነው።»

ሳትጨርስ ቆሞ ነበር። እግሩ ሲጠራ እሱን አስፈቅዶ አያውቅም። ወጥ ቤቷም ሌላ ሳህን አነሳችና ሾርባውን ከደነችለት።

«እስኪመለሱ እንዳይቀዘቅዝ» አለች።

መጋቢው ከቆመበት መንቀሳቀስ አቃተው።

ሚስቱም እንዲሁ ነበር የምትከድንለት። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ስልክ ይጮሃል፣ እሱ ይነሳል፣ እሷ ትከድናለች። «ምእመኑን አገባህና እኔን ሚዜ አደረግከኝ» እያለች ትስቅ ነበር። በሕይወቷ የመጨረሻ ቀን እንኳ ከሕመም አልጋዋ ተነስታ «ዛሬ እኔ ነኝ የማቀርብልህ» ብላ ግድግዳ እየያዘች ወጥ ቤት ገባች። ገና ሳትወጣ ስልኩ ጮኸ፤ የአንድ ምእመን አባት ሊያርፉ ነው ተባለ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ድምጿን ሰማ።

«ሂድ እንጂ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

ሲመለስ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ይጠብቀው ነበር። እሷ የለችም፤ ከሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ ሲጸልይ እሷ ብቻዋን አርፋለች። በለቅሶው ግርግር ጎረቤቶች ሳህኑን አንስተው አጠቡት። ከሥሩ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም።

ወጥ ቤቷ አሁንም መልስ ትጠብቃለች።

«ምክትሌ እዚያው አለ» አላት። «እሱ ይሂድ በሏቸው።»

«እርስዎስ የት ነዎት ልበላቸው?»

«ምሳ ላይ ነው በሏቸው።»

ተቀመጠ። ክዳኑን ሲያነሳ እንፋሎቱ ፊቱን ነካው፤ ሾርባው ገና አልቀዘቀዘም። ማንኪያውን ያዘ፣ መልሶም አስቀመጠው። ከለመዳቸው ቃላት አንዱም አልመጣለትም።

«ጌታ ሆይ» አለ፤ አራቱም ሰሙት። «ምን ነበር ያስቀመጠችልኝ?»

ከዚያ እንባው መጣ። አራቱ አገልጋዮች አንገታቸውን ደፉ። አጠገቡ የተቀመጠው ሊጸልይለት እጁን ወደ ትከሻው አነሳና ደንቡ ትዝ ሲለው መልሶ ጭኑ ላይ አኖረው።