የጠቋሚው ስም

ሹራቡ ከአፅሙ በፊት ወጣ።

ሁለት ፖሊሶች እስከ ወገባቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አፈሩን በአካፋ ጫፍ ቀስ እያሉ ይገፉታል። ቦታው ሞጣ ከተማ ዳር፣ ምናለ የተባለ የከብት ነጋዴ ከብቶቹን ከሚያጉርበት በረት ጀርባ ያለ አሮጌ የእህል ጉድጓድ ነው። ከጥቁሩ አፈር መሀል አረንጓዴ ክር ብቅ ሲል አንደኛው ፖሊስ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳበው፤ እጅጌው ተከትሎ መጣ። እስከ ክርኑ አረንጓዴ፣ ከክርኑ በታች ቡናማ። ስሜነሽ አፋፉ ላይ ቆማ አየችው። አረንጓዴው ክር አልቆባት፣ ብቸና ገበያ አምሳያውን ብታጣ በቡናማ የጨረሰችው ራሷ ናት። ይታገስ ነጋዴዎቹ ሲያላግጡበት «የሚስቴ እጅ ሥራ ነው» እያለ ለሠርጉም ለገበያውም እሱኑ ይለብስ ነበር።

«የባሌ ነው» አለች።

ሊደግፏት የቀረቡት ሴቶች ጩኸቷን ጠበቁ። ጩኸት አልመጣም። እንባ በሚመጣበት ቦታ ላይ አንድ የሚያቃጥል ነገር ተቀምጦ መንገዱን ዘግቶባት ነበር።

አምስት ዓመት ማልቀስ ተከልክላ ኖራለች። ይታገስ በሬ ሊገዛ ከብቸና ወደ ሞጣ እንደወጣ ከቀረ ወዲህ ባለ ትዳር አትባል፣ ባል የሞተባት አትባል። ጥቁር ልልበስ ስትል ዘመዶቹ «በሕይወት ባለ ሰው ላይ ታሟርቺያለሽ?» ብለው ተቆጧት። ፍትሐት ይደረግለት ብላ ደጀ ሰላም ስትቆም ቄሶቹ «መሞቱን ሳናውቅ በምን አፋችን እንፍታው?» ብለው መለሷት። ጎረቤቶቿ ሌላ አግብቶ ይሆናል እያሉ ሲያንሾካሹኩ እንዳልሰማች ሆና በአጠገባቸው አልፋለች። ፖሊስ ጣቢያ በተመላለሰች ቁጥር «ፋይሉ አልተዘጋም» ይሏታል። አልተዘጋም፤ ግን ማንም አልገለጠውም።

በዚህ ዓመት፣ ከመስቀል በኋላ፣ ገዳያቸው ላልታወቀና ደብዛቸው ለጠፋ ሰዎች መንግሥት ለጠቋሚ ወሮታ እንደሚከፍል ተነገረ። የይታገስም ፎቶግራፍ ከሌሎቹ ጋር በብቸናና በሞጣ መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከሥሩ፣ የጠቋሚው ስም በምስጢር ይጠበቃል የሚል ነበረበት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው አፉን ከፈተ። ምናለ ታሰረ፤ ጉድጓዱ ተቆፈረ።

ስሜነሽን ያቃጠላት ይኸው ነው። ይታገስ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ እህል ሲበላ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ኖሯል። የእሷ እንባ ያላስከፈተውን አፍ ብር ከፈተው።

አፅሙ ሸራ ላይ እየተለቀመ ሳለ መርማሪው፣ ኢንስፔክተር ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወንበር አስመጥቶ ከግራር ጥላ ሥር አስቀመጣት። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ አነጋገሩ ለስለስ ያለ ሰው ነው።

«ማን ነው የጠቆመው?» አለችው።

«ይህን ለመናገር አልተፈቀደልኝም፣ ወይዘሮ ስሜነሽ።»

«ወሮታውን አልቀማውም። ይብላው። ስሙን ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። አፈሩን አፍጥጣ ስታይ ጊዜ አንጀቱ አልችል አለ። የምትይዘው ነገር ሊሰጣት ፈለገ።

«ባለቤትዎ በዋዛ እጅ አልሰጠም» አላት። «ምናለ የበሬ መግዣውን ሊቀማው መንገድ ላይ ሲይዘው ታግሎ አምልጦት ነበር። ቆስሎ እንኳ ሮጧል። ጠቋሚው ደጃፍ ደርሶ በሩን እየደበደበ ‹አበልጄ፣ ክፈትልኝ፣ አበልጄ› እያለ ሲጣራ…»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ስሜነሽ ቀና አለች። ይታገስ በሞጣ አንድ አበልጅ ብቻ ነበረው። ሰማው ይባላል። ከገበያው በላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ይታገስ የሰማውን የበኩር ልጅ አካለ ወልድን ክርስትና ካነሣ ጀምሮ ሞጣ ሲመጣ ማደሪያው እዚያ ነው። በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ ሮጣ የሄደችው ወደዚያ ነበር። ሰማው መስቀል መትቶ «ያን ለታ እኛ ዘንድ አልመጣም» አላት። በዓመቱ ደግሞ «ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ላይ አይተነዋል የሚሉ ሰዎች አሉ» ብሎ ላከባት። ላሟን ሸጣ ሄደች። በዚያ ሐሩር ፎቶውን ይዛ ከአጫጅ አጫጅ ስትንከራተት ወባ ጥሏት፣ በሰው ትከሻ ነው ወደ አገሯ የተመለሰች። ያኔም ሰማው ስኳርና ሎሚ ይዞ ሊጠይቃት መጥቷል። ትራሷን አስተካክሎላታል።

«ሰማው» አለች፤ ቀስ ብላ።

ኢንስፔክተሩ ግራና ቀኙን አይቶ ጎንበስ አለ። «ወይዘሮ ስሜነሽ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከአፌ አመለጠኝ። የታሰረው ምናለ ብቻ ነው። ጓዴ የሚባለው ወንድሙ መሣሪያውን እንደያዘ ውጭ ነው፤ ጠቋሚውን ቤት ለቤት እያነፈነፈ ነው። ይህ ስም ከወጣ ሰውየው ለችሎት አይደርስም። እሱ ከሌለ ደግሞ ሌላ ምስክር የለንም።»

«እና ምን ላድርግ ነው የሚሉኝ?»

«ዝም ይበሉ።»

«እሱ አምስት ዓመት ዝም አለ» አለች። «አሁን ደግሞ ተራው የኔ ሆነ?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

አፅሙ በሣጥን ሆኖ አይሱዙ ላይ ሊጫን ሲል ሰማው መጣ። ለመገነዣ የሚሆን አዲስ አቡጀዲ በብብቱ ይዟል። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን መታ፤ እንባው እውነተኛ እንባ ነበር። ስሜነሽን የበለጠ ያንገበገባት የእንባው እውነተኛ መሆን ነው። ብቸና ድረስ ልሸኘው ሲል ሰዎቹ ጋቢና ውስጥ፣ ከብቸና አብረዋት ከመጡት ከመርጌታ ወልደ ኪዳን ጋር ሊያስቀምጡት ፈለጉ።

«አይ፤ ከኔ ጋር ከኋላ ይውጡ፣ አበልጄ» አለችው። «ብቻዬን አልሁን።»

መኪናው ሞጣን ለቆ በጠጠሩ መንገድ ሲወርድ ሣጥኑ በመካከላቸው ነበር። በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰደው ይይዙታል። የኢንስፔክተሩ መኪና ከኋላ በአቧራው ውስጥ ይታያል። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፤ አዝመራው ሊታጨድ ደርሷል። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ስሜነሽ የሣጥኑን ክዳን ዳበሰች።

«አበልጄ» አለች ስሜነሽ፤ «ሲጠራዎት ድምፁ እንዴት ነበር?»

ሰማው እጁን ከሣጥኑ ላይ አነሣ። ሊክድ አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው። «ማን ነገረሽ?» አለ።

«ሞጣ ውስጥ አበልጄ ብሎ የሚጣራው ወደ ማን ቤት ነው?»

«ስሜነሽ፣ ብከፍት ኖሮ ልጆቼን ይጨርሱብኝ ነበር። መሣሪያ ይዘው ነበር። ሚስቴ እግሬ ላይ ወደቀች። ምን ላድርግ?»

«ከልጆችህ አንዱ የሱም ልጅ ነበር።»

በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንቱ ስትለው ኖራለች። «አንተ» ስትለው ሰማው በጥፊ እንደተመታ ሰው ፊቱን አዞረ።

«እሺ፣ በሩንስ ፈራህ» አለች። «በማግስቱስ? በሳልስቱስ? ጉድጓዱን እያወቅህ ሁመራ የላክኸኝ ለምንድነው?»

«ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ…»

«ከሞጣ እንድርቅ ነው! ደጅህ እየመጣሁ ስጠይቅ ሰው እንዳያይብህ ነው!» ነፋሱ ድምፅዋን ወደ ኋላ ወሰደው። «እዚያ ብሞት ኖሮ ልጄ ትህትና ማን ነበራት? እንዲያ ታምሜ ትራሴን ስታስተካክልልኝ ምን እያሰብህ ነበር?»

ሰማው ጋቢውን ወደ አፉ ሰብስቦ አቀረቀረ። «የወሮታውን ብር ልበላው አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ልጆቼን ይዤ ከሞጣ ልወጣበት ነው። ከተናገርኩ በኋላ እዚያ መኖር አልችልምና። ሁልጊዜ ልናገር እልና አቅም አጣለሁ። ፎቶውን መናኸሪያ ላይ ባየሁት ጊዜ…»

«ስምህ ሰማው ነው» ብላ አቋረጠችው። «ሰማኸውም። ከዚህ ሌላ ምንም አትበለኝ።»

ከዚያ በኋላ ሣጥኑን በሁለት እጇ ያዘች። አንዲት ቃል ብቻ በቂ እንደሆነች ታውቃለች። ብቸና ሲደርሱ በለቀስተኛው መሀል ስሙን ብትጠራው ጓዴ የቀረውን ይጨርስላታል። ሐሳቡ ጣፈጣት። ሰማው በሌላ ሰው ደጃፍ ወድቆ፣ በር እየደበደበ፣ የሚከፍትለት ሲያጣ ታያት። ዐይኗን ስትጨፍንም አልሄደላትም። ያስፈራት ከእንዲህ ያለው ሐሳብ ጋር አብራ መኖር መቻሏ ነው፤ ስሙን ከዋጠች ደግሞ ከዛሬ በኋላ እሷም አውቃ ዝም ያለች ሰው ልትሆን ነው።

የብቸና ቤቶች ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያንጸባርቅ ዞራ አየችው።

«ስምህን እኔ አልናገርም» አለችው። «አንተ ትናገራለህ። ዛሬ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሰው ሁሉ ባለበት።»

«ይገሉኛል።»

«በጆሮ ብቻ የተነገረ ነገር ነው ከሰውየው ጋር የሚቀበረው። አገር ከሰማው ግን አገሩን ሁሉ ሊገሉት ነው?»

«ካልተናገርኩስ?»

«ካልተናገርክማ ትኖራለህ። እስከ ዛሬ እንደኖርከው።»

ብቸና በሙሉ ወጥቶ ነበር። ሣጥኑ ሲወርድ አምስት ዓመት የታመቀው ለቅሶ አንድ ጊዜ ፈነዳ፤ አልቃሿ ፈንታነሽ የይታገስን ስም እየጠራች ግጥሙን አወረደችው። ስሜነሽ ግን በሞጣ ገበያ ከምናለ ጋር ታየው የነበረውን ጓዴን ከሕዝቡ መሀል አየችው። ረጅም ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን ማንን እንደሚያይ ይመለከታል። ቀስ ብሎ ወደ እሷ መጣ።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት። «ወንድሜ በሐሰት ነው የታሰረው፤ እውነቱ ይወጣል። ለመሆኑ የጠቆመው ማን ይሆን? አንቺ ሳትሰሚ አትቀሪም።»

ሰማው ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ነበር።

«አንተስ ጉድጓዱን ሳታውቀው ቀርተህ ነው?» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለነበር የቀረቡት ሰዎች ዞሩ። «ወንድምህን ጠይቀው። የቀበረው እሱ ነው።»

የጓዴ መንጋጋ ተንቀሳቀሰ። ጠመንጃውን አስተካክሎ ዞር አለ። ስሜነሽ ወደ ሰማው ሳታይ፣ «አበልጁ ሣጥኑን በፊት በኩል ይያዝ» አለች።

ፍትሐቱ ተደረሰ። በዚያች ሰዓት፣ መርጌታ ወልደ ኪዳን የይታገስን የክርስትና ስም ጠርተው ሲጸልዩለት፣ ስሜነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች። አፈር ተመለሰ።

ከቀብር መልስ ሕዝቡ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ጓዴ መግቢያው አጠገብ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ከምሰሶው ሥር ቆሟል። ሽማግሌዎቹ አጽናኑ፤ ንፍሮ ዞረ። አንዳንዱ ለመነሣት ነጠላውን ማስተካከል ጀመረ። ስሜነሽ ሰማውን ትጠብቃለች። እሱ መሬት መሬት ያያል። አይችልም አለች በልቧ፤ ንዴቷ እንደገና ወደ ጥርሷ መጣ።

ሰማው ተነሣ።

ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። ኢንስፔክተሩ ራሱን በፍጥነት ነቀነቀበት፤ ሰማው ግን አላየውም።

«ይታገስን ከደጄ ነው የወሰዱት» አለ። «እየጠራኝ ነበር፤ አልከፈትኩለትም። በበሩ ስንጥቅ ሳያቸው ነበር። የጠቆምኩት እኔ ነኝ። የጠቆምኩትም ግማሹን ነው፤ ጓዴን ፈርቼ ምናለን ብቻ አልኩ። ሁለቱም ነበሩ። እግሩን ይዞ የጎተተው ጓዴ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ይህን ሁለተኛ ስም ገና መስማቱ ነው፤ እጁ ወደ ወገቡ ወረደ። ጓዴ ተነሣ። ጠመንጃው ከጉልበቱ ወደ እጁ መቼ እንደገባ ማንም አላየም።

መርጌታ ወልደ ኪዳን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡና በጓዴና በሰማው መካከል ሄደው ቆሙ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተከተላቸው። ከዚያ ከወዲያ በኩል ሌላ ሰው ተነሣ፤ ከዚያ ሌላ።

ሰማው ባርኔጣውን እንደያዘ ወደ ስሜነሽ አየ። ይቅር ያልሽኝ እንደሆነ ንገሪኝ የሚል ፊት ነበር። አላለችውም፤ አላየችውምም። ዐይኗን ከጓዴ ሳትነቅል ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ተነሥታ ከመርጌታ ጎን ቆመች።