እንግዴና እንግዳ

የሟች ልጅ ወንበር ላይ ተደላድላ ስታለቅስ በሶዶ ታይቶ አይታወቅም። ወይንሸት ግን ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ከጀርባዋ ትራስ አድርጋ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ በገባ ቁጥር ሴቶቹ ብድግ ብለው ደረታቸውን እየመቱ ይዘላሉ። እሷ የሰባት ወር ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ እንባዋን ዝም ብላ ታፈሳለች።

"አሁንስ ተነስ እንጂ" አለቻት አክስቷ ብርቄ ጆሮዋ ስር ገብታ። "አባትህ እኮ ነው የሞተው።"

ብርቄ ስትናደድ አማርኛዋ ሴትና ወንድ መለየት ያቆማል። ወይንሸት ከልጅነቷ ጀምሮ የአክስቷን ቁጣ የምትለካው በዚህ ነው፤ "አንቺ" ከተባለች ቀላል ነው፣ "አንተ" ከተባለች መሮጥ ያስፈልጋል። አሁን ደግሞ መሮጥም ተከልክላለች።

"አልነሳም አክስቴ። አባዬ ራሱ ነው ያስማለኝ።"

ብርቄ ነጠላዋን አጥብቃ ንፍሮ ወደሚታደልበት፣ ተበላ ከሚባለው ገጠር ወደመጡት ዘመዶቿ ሄደች። እዚያ ሹክሹክታ ተጀመረ። እነዚህ ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሳ ማዶና ማዶ ሲጠራሩ ስለኖሩ ሹክሹክታቸው ድንኳኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዳርሳል። ወይንሸት ሁሉንም ሰማች። የማትዘለው፣ አሉ፣ አፍራ ነው። ባሏ ሀብተሚካኤል ራቅ ብሎ ዲምቱ ላይ ያስተምራል፣ የሚመጣው በአስራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ልጁ የሌላ ሰው መሆኑን ሐኪሙ በማሽን አይቶ በአፉ ተናግሯል፤ ብርቄ እዚያው ቆማ ሰምታለች። አባቷን ቶማንም የገደለው ይሄው ውርደት ነው።

ወይንሸት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ያየ ሁሉ አሁን ገና አምርራ አለቀሰች አለ።

ነገሩ ከሁለት ወር በፊት የሆነ ነው። ለአልትራሳውንድ ስትሄድ ብርቄ አብራት ገባች። ሐኪሙ ገና ከሰሜን የተመደበ ልጅ ነው፤ አማርኛው ይፈጥናል። ማያ ገጹን አፍጥጦ ሲያይ ቆየና "የእንግዴ ልጁ ቀድሟል፤ የማህፀኑን በር ዘግቶታል" አለ። ደም ሳያምሽ በድንገት ሊፈስ ይችላል፣ አትሸከሚ፣ አትዝለይ፣ ከሆስፒታል አትራቂ፣ የምትወልጂው በኦፕሬሽን ነው፣ ደም የሚሰጥ ዘመድ አዘጋጂ ብሎ ቀጠለ። የወይንሸት ጆሮ "ደም" ላይ ቆመ። የብርቄ ጆሮ ከዚያም በፊት ቆሞ ነበር፤ እሷ የሰማችው "የእንግዳ ልጅ ቀድሟል" የሚለውን ነው። ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ወይንሸት ለእኔ ፈርታ ነው ብላ አንጀቷን በላቻት።

ቶማ ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ኖሯል፤ ያልገባውን ነገር ሳያጣራ አያሳልፍም። በማግስቱ ካፖርቱን ለብሶ ብቻውን ሐኪሙ ዘንድ ሄደ፤ ወረቀት ላይ ስዕል እስኪሥልለት ድረስ አልወጣም አለ። ተመልሶ መጥቶ ለልጁ አስረዳት።

"ልጁ ደህና ነው፣ ቤቱ ውስጥ አለ። ምግብ የሚያቀብለው ነው በሩ ላይ የተኛው። በር ላይ የተኛን ሰው አለመቀስቀስ ነው፤ ይሄንን ለዘበኛ አትነግሪም።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀሪካኑም መጥረጊያውም ከቤት ጠፋ። አንድ ጊዜ ደም ፈሷት ሦስት ቀን ተኝታ ስትወጣ፣ ቶማ ባጃጁን ኮብልስቶኑ ላይ አላምነው ብሎ ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤት ከፊት ከፊቱ ዱላውን እያወዛወዘ በእግሩ ሄደ። ሾፌሩ ጡሩምባ ሲነፋበት ዞር ብሎ "ቀስ!" ይላል። ሕዝቡ ታቦት የሚወጣ መስሎት መንገድ ለቀቀ። ወይንሸት በሳቅ እንዳትሞት ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ያን ዕለት ነው ያስማላት። ማንም ቢሞት አትዘልይም አላት። እሷም ለቀልድ "አንተ ብትሞትስ?" አለችው። ትንሽ አሰበና "ወንበር ይምጣልሽ" አለ።

በዚህ መሃል ከተበላ አራት ዘመድ ደም እንዲሰጥ ለምኖ ነበር። አራቱም እሺ ብለው አራቱም ቀሩ። ቶማ ምን አድርጌያቸው ነው እያለ ሲገረም ሰነበተ። ወይንሸትም ምክንያቱን ያወቀችው አሁን፣ ከንፍሮው አጠገብ በተወራው ነው። ለእንግዳ ልጅ ማን ደሙን ይሰጣል?

ከሰዓት በኋላ ደም የምትቀዳው ነርስ ትሕትና ለልቅሶ መጣች። ከወይንሸት አጠገብ ቁጭ ብላ ቶማ ደብቆት የነበረውን ነገር ነገረቻት። ሁለት ጊዜ መጥቶ ደሜን ውሰዱ ብሏቸው ነበር። መጀመሪያ ግፊትህ ከፍ ብሏል ብለው መለሱት። ሁለተኛው ቀን ግፊት ያወርዳል ሲባል ሰምቶ ነጭ ሽንኩርት ሲበላ አድሮ መጣ፤ ክፍሉ ሁሉ ሸተተ። ግፊቱ ግን ጭራሽ ብሶበት ነበር። መድኃኒት ጻፉለት። እሱ እቴ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና የሚሰጥ ሰው ፍለጋ ተበላ ወረደ። በሳምንቱ ያው ግፊቱ ጣለው።

"አሁንም የተዘጋጀልሽ ደም የለም" አለች ትሕትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ባንኩም ባዶ ነው። ዛሬ ቢፈስሽ ምን እንደማደርግ አላውቅም።"

ወይንሸት አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ የአባቷን ታላቅ ዘመድ፣ ሽማግሌውን ጩማን አስጠራችና ስለ ሟቹ አንድ ቃል ልናገር ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ጩማ እጁን ሲያነሳ ድንኳኑ ጸጥ አለ። እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ድምጿ ግን ተነሳ።

"ሐኪሙ የእንግዳ ልጅ አላለም። የእንግዴ ልጅ ነው ያለው።"

"ልዩነቱ ምንድን ነው?" አለ ጩማ።

"እንግዳ መጥቶ ይሄዳል። የእንግዴ ልጅ ሕፃኑን ተከትሎ የሚወጣው ነው፤ ጓሮ የምትቀብሩት። የኔው ቦታውን ስቶ በሩ ላይ ተኝቷል።" ይህንኑ በወላይትኛም ደገመችላቸው፣ ማንም አልሰማሁም እንዳይል።

አንዲት አሮጊት ክትክት ብላ ሳቀች። በልቅሶ ቤት ሳቅ ነውር ስለሆነ ሌሎቹ አፋቸውን ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርቄ ብቻ አልሳቀችም። መሬት መሬቱን ታያለች።

"እንባችሁን ተቀብያለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለች ወይንሸት። "አባዬ ግን እናንተን የለመነው ደም ነበር። ለእኔ መዝለል የምትፈልጉ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ድረስ ዝለሉ።"

ጩማ ሳል ሳል አለና የእኔስ ደም አርጅቶ ቡና ሆኗል፣ ጎረምሶቹ ይሂዱ ብሎ ፈረደ።

በማግስቱ ጠዋት የደም ክፍሉ አግዳሚ ላይ አምስት ሰው ተደርድሯል። መጀመሪያ የገባችው ብርቄ ናት። መርፌ ስለምትፈራ ዓይኗን ጨፍና፣ በዓለም ላይ የታወቀውን ጸሎት ሁሉ እያነበነበች ክንዷን ዘረጋች። ወይንሸት አጠገቧ ተቀመጠች። ትሕትና ክንዷን በጎማ ስታስር የብርቄ ደም ሥር ብቅ አለ፤ ወፍራም ነው፣ ክርኑ ጋ ለሁለት ይከፈላል። የቶማም ልክ እንደዚህ ነበር።

"ወንድሜን ደም የሚሰጥ ሰው አስከለከልኩት" አለች ብርቄ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ከረጢቱ ሞልቶ መርፌው ሲወጣ ወይንሸት ጥጡን ከትሕትና እጅ ተቀበለችና በራሷ አውራ ጣት የአክስቷ ክንድ ላይ ተጫነችው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል ተባለች። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ፤ ደሙም ቆመ። ጣቷን አላነሳችም።