ያልተነበበው መስመር

ሰው ሁሉ ለታመመበት ዘመዱ በሽታው አይገኝበት ብሎ ነው የሚጸልየው። ሶዶ ላይ፣ ሚሊኒየሙ የተከበረ ዓመት፣ መምህርት ምሕረት ግን ለገዛ ወንድሟ ይገኝበት ብላ ጸልያለች። ያውም ተንበርክካ፣ ያውም እያለቀሰች። አብዳ እንዳይመስላችሁ፤ ከዚያ ቤት ነገሩ በትክክል የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ታናሽ ወንድሟ ኤልሳዕ ግንበኛ ነበር፣ ያገር ጤነኛ። አንድ ክረምት ድንጋይ ሲያነሣ ግራ ጎኑን ይከብደው ጀመር። ፊቱ እየከሳ ሆዱ እየተነፋ ሄደ፤ ለካስ ጣፊያው አብጦ እስከ እምብርቱ ወርዷል። እሱ እቴ፣ ፀሐይ በወጣ ቀን እንኳ ጃኬት ደርቦ ይሸሽገዋል! በመጨረሻ ምሕረት እየጎተተች ወስዳ አስመረመረችው። ነጭ የደም ሕዋሱ ከልክ በላይ በዝቶ ስለተገኘ አዲስ አበባ ላኩት፤ እሷም ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ አብራው ሄደች።

እዚያ ዶክተር ሐመልማል የምትባል ሐኪም ሁለቱንም አስቀምጣ፣ ሳትቸኩል አስረዳቻቸው። «ቀስ እያለ የሚሄድ የደም ካንሰር ይመስለኛል። ይሄ በሽታ በሕዋሱ ዘረመል ውስጥ አንድ ምልክት አለው፤ ተበጥሶ ያለቦታው የተቀጠለ ክር በሉት። ደሙን ውጭ አገር ልከን ምልክቱን እናስፈልጋለን። ከተገኘ፣ እሱኑ ለይቶ የሚመታ ክኒን በርዳታ ይሰጠዋል። በየቀኑ እየዋጠ ብዙ ዓመት ይኖራል። ምልክቱ ካልተገኘ ግን መድኃኒቱን አይሰጡንም።»

«ካልተገኘ ጤነኛ ነው ማለት ነው?» አለ ኤልሳዕ።

«አይደለም! ደም መንገድ ላይ ሊበላሽ ይችላል። ካልተገኘ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ፣ እንደገና እንቀዳለን።» ለጊዜው በሽታውን የሚያበርድ ክኒን ሰጥታ አሰናበተቻቸው።

እንግዲህ ይህንን ሶዶ ሄዶ ማስረዳት ነው። እናታቸው የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፈረንጅ አገር የልጃቸውን ደም እየመረመሩ ክፉ ምልክት እየፈለጉ ነው። በቃ፣ አጥቢያው ሁሉ ምልክቱ አይገኝ ብሎ ጾም ጸሎት ያዘ። ምሕረት የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ አቶ አንጁሎን ለብቻቸው አግኝታ «ጋሼ፣ መገኘቱ ነው የሚሻለው» ብትላቸው፣ አዝነው አዩአት። «ልጄ፣ ሰው ካንሰር ይገኝብኝ ብሎ ይጸልያል እንዴ?» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት መቶ ሰው እጁን ዘርግቶ «አይገኝበት!» ሲል፣ እሷ ከመካከላቸው አንገቷን ደፍታ «ይገኝበት» ትላለች። ብቻዋን። አንዳንዴ የማንን ይሰማ ይሆን እያለች ትፈራ ነበር።

ፖስታው አንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሳጥን መጣ። ቤቷ ይዛው ገብታ ከፈተችው። እንግሊዝኛው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው «ምልክቱ አልተገኘም» ይላል፤ ሁለተኛው «ናሙናው ስለተበላሸ በውጤቱ መተማመን አይቻልም፤ ይደገም» ይላል። ኤልሳዕ ሻንቶ ከተማ ሥራ ላይ ነው፣ ዛሬ እዚያው ያድራል። ነገ አግኝቼው ሰኞ እንሳፈራለን አለች በልቧ። ይህን እያሰበች እናቷ ከገበያ የገዙትን ጎደሬ፣ የአገሩን ቦይና፣ ተሸክመው ከች አሉ።

«ተገኘበት?»

«አልተገኘም እማዬ፣ ግን...»

ያንን «ግን» ማን ሊሰማው! ቦይናው በሩ ላይ ተበተነ። እናቷ ወረቀቱን ከእጇ ነጥቀው፣ ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ አቶ አንጁሎ ቤት እስኪደርሱ እልል ሲሉ ሄዱ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እልል ሲሉ የሰማቸው ሰው አልነበረም።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ አንጁሎ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩና «እንግሊዝኛ ነው፤ መምህርታችን ታንብብልን» አሉ። ምሕረት ማታውን ስታስብበት ነው ያነጋችው፤ ሁለቱንም መስመር አነባለሁ፣ የመጣው ይምጣ ብላለች። ማይኩን ያዘች። «ምልክቱ አልተገኘም» አለች።

አቤት የዚያን ጊዜው ሆታ! ቆርቆሮው ተነቃነቀ። እናቷ መሬት ላይ ተደፉ፣ ከበሮው ጀመረ፣ አቶ አንጁሎ እያለቀሱ አቀፏትና ማይኩን ወሰዱት። ሁለተኛው መስመር አፏ ውስጥ ቀረ። እጇን ብታነሣ ኖሮ ዝም ይሉላት ነበር። አላነሣችም። ከሻንቶ በቀጥታ የመጣውን ኤልሳዕን፣ ጫማው ሲሚንቶ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አየችው። አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሰው ግን ትከሻው ላይ አውጥቶት መዝፈን ጀመረ።

ሆታው ሲበርድ እነግራቸዋለሁ አለች። ከዚያ የምስጋናው ድግስ ይለፍ አለች። ከዚያ ደሞ ደመወዝ ልቀበልና አለች። አይ ምሕረት! ሰው ራሱን ለማታለል ሰበብ አያጣም። ቀኑ እየሄደ ያች ያላነበበቻት መስመር አላስቀምጥ አላስተኛ አለቻት። አንድ ቀን አምስተኛ ክፍል ገብታ ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጽፋ ዞር ስትል፣ ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ይገለብጣሉ። ብታየው የጻፈችው ቀኑን አይደለም፤ «ናሙናው ይደገም» ብላ ነው የጻፈችው። ሃምሳ ልጅ ደብተሩ ላይ አስፍሮታል።

ኤልሳዕ ደግሞ ድኗል ተብሏልና እንደዳነ ሰው ሆነ። ክኒኑን ተወ፤ ሰው ፊት መዋጥ ምስክርነቱን ማፍረስ ነበር። ሆዱን የሚሸሽግበትን ጃኬት ግን መልሶ ለበሰው። በየእሑዱ ሰው እየጠራው እጁን ጭኖ ያመሰግናል፣ እሱም ፈገግ ይላል። ምሕረት ያንን ፈገግታ ማየት አልቻለችም። በዚህ መሐል ዶክተር ሐመልማል ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮ ደወለች። «ምን ነካችሁ? ሁለት ወር ሊሞላ ነው እኮ!»

«መጣን ዶክተር» አለች ምሕረት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ሻንቶ ወረደች። ኤልሳዕ ግማሽ በደረሰ ግንብ ሥር ተቀምጦ ያርፋል። ጠዋት ነው፣ ግን ማልያው በላብ ርሷል። አጠገቡ ቁጭ አለችና ሳትተነፍስ ሁሉንም ነገረችው፦ ሁለተኛውን መስመር፣ ስልኩን፣ ፍርሃቷን።

ኤልሳዕ አልተቆጣም። የግንበኛ ማንኪያውን በድንጋዩ ላይ እየጠራረገ «አውቃለሁ እትዬ» አላት።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«የዚያኑ ሳምንት፣ ዶክተሯ ያለችው አላስተኛ ብሎኝ፣ ወረቀቱን ከእማዬ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አውጥቼ፣ ላቦራቶሪ ለሚሠራው ለደገፉ አስነበብኩት። ሁሉንም ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን ብቻህን አልሄድክም?»

«ምን ብዬ ልሂድ? ጉባኤ መሐል ቆሜ እህቴ ግማሹን ነው ያነበበችላችሁ ልበል? ልጆቻቸውን የምታስተምሪላቸው አንቺ ነሽ። ራሷ ትናገራለች፣ አብረን እንሄዳለን ብዬ ጠበቅሁሽ።» ቀና ብሎ አያት። «በጣም ጠበቅሁሽ እትዬ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ነበሩ። ዶክተር ሐመልማል ደሙን እንደገና ቀድታ ለውጭ አገሩ ምርመራ ላከች፤ የተረፈውን እዚያው በማይክሮስኮፕ አይታ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ቀስ እያለ ይሄድ የነበረው በሽታ መሮጥ ጀምሯል። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ...» ብላ ጀመረችና፣ ምሕረትን አይታ ተወችው።

ኤልሳዕ ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተ። ሐዘንተኛው «ድኖ አልነበር?» እያለ ያንሾካሽካል። አቶ አንጁሎ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉ።

ሁለተኛው ፖስታ የካቲት ላይ መጣ። ምሕረት እናቷ ቤት ይዛው ሄደች፤ ከእንግዲህ ወረቀት መደበቅ አትችልም። እናቷ ጥቁር ለብሰው ደጃፉ ላይ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«ምን ይላል?»

«ምልክቱ ተገኝቷል ይላል።»

እናቷ ቀና ብለው አዩአት። «ያኔ ያልተገኘ ነገር አሁን ከየት መጣ?»

«ያኔም ነበረ፣ እማዬ። ወረቀቱ ደሙ ተበላሽቷል፣ ይደገም ይል ነበር። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። ደስታችሁን ማፍረስ ፈራሁ። ቶሎ ብንመለስ መድኃኒቱን ያገኝ ነበር።» እግራቸው ሥር ተደፋች። እንዲመቷት ፈልጋ ነበር።

አልመቷትም። «ኤልሳዕ ያውቅ ነበር?» አሉ።

«ያውቅ ነበር።»

እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ነከሱት። ኋላ ለቀቁትና ተናገሩ። «ከዚያ እሑድ ወዲህ፣ ማታ ከሥራ ሲገባ ገና እግሩን ሳይታጠብ ይጠይቀኝ ነበር። ‹እማዬ፣ ዛሬ ምሕረት መጥታ ነበር? ምንም አላለችሽም?› ይለኛል። በየቀኑ። እኔም ‹ምን ትበለኝ ልጄ፣ ደህና ናት› እለው ነበር።»