ማንም የማይሞትበት መጽሐፍ

የልብስ ስፌት ቤቱ ሴቶች «እንዳይሆን» የሚል ስም አውጥተውላታል። መርፌ ቢሰበር «ስባሪው ዐይን ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን»፣ ስልክ ጠርቶ ቢቋረጥ «አንድ ነገር አግኝቷቸው እንዳይሆን» ትላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ስትተክል ኖራለች፤ ሌሎቹ መርፌውን አራት ጊዜ የሚመላልሱበትን ቁልፍ እሷ ስምንት ጊዜ ትመላልስበታለች። ልጁ ሲሮጥ ቁልፉ ቢበጠስ፣ የተበጠሰውን ለማንሣት ጎንበስ ሲል መኪና ቢመጣ፣ ሾፌሩ ባያየው... ይኼን ሁሉ አስባ ነው።

ሐሙስ ዕለት ክር በጥርሷ እየበጠሰች ሳለ ልጇ ደወለች። ልጇ በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም።

«እማዬ፣ መጽሐፉ ወደቀ።»

«የት ላይ? እግርሽ ላይ?»

«ገበያ ላይ ነው እንጂ። አንባቢው ሁሉ ተቆጥቷል። ቅዳሜ ከሰዓት መጻሕፍት መደብሩ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ደራሲውም አለቃዬም ይመጣሉ። አለቃዬ ‹ይኼን ጉድ ያመጣሽብን አንቺ ነሽ፤ ቅዳሜ የሚባለውን ሰምቼ በሥራ መቀጠል አለመቀጠልሽን እወስናለሁ› ብሎኛል።»

የእንዳይሆን እጅ መርፌው ላይ ቀረ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼው ነው። ነገሩ ደግሞ ከእሷው ቤት የወጣ ነው።

ልጅቷ ማተሚያ ቤት ሳይሆን አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ሥራዋ የሚመጡትን ጽሑፎች አንብቦ «ይታተም» ወይም «አይታተም» የሚል አንድ ገጽ አስተያየት መጻፍ ነው። ድርጅቱ የሚያሳትምለት አንድ ስመ ጥር ደራሲ አለ፤ ዐሥራ አራት ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ጽፏል፤ ሰው የእሱን መጽሐፍ ይዞ አውቶቡስ ከተሳፈረ መውረጃውን ያልፋል ይባልለታል። ታዲያ ይህ ደራሲ ከሁሉም በፊት፣ የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት፣ «የውሰት ወንፊት» የሚባል ልብ ወለድ አሳትሞ ነበር። ጥቂት ቅጂ ታትሞ፣ ማንም ሳያየው ጠፋ። የልጅቷ አለቃ፣ አሳታሚው፣ ከአንድ አሮጌ ሳጥን ውስጥ አንዱን ቅጂ አገኘና ለልጅቷ «አንብቢው» ብሎ ሰጣት። በዚያ ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ አምስት ረቂቅ ተከምሮ ነበር። ስለዚህ አሮጌውን መጽሐፍ ለእናቷ አምጥታ «እማዬ፣ አንብቢና ንገሪኝ» አለቻት።

እናትዋ በአራት ቀን ጨረሰችው። አምስተኛው ቀን ላይ ጭልፋ በእጇ እንደያዘች፣ ወጡ እስኪያር ድረስ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረከችላት። ልጅቷ ክንዷ ላይ ያለው ጸጉር ሁሉ ቆመ። ቢሮ ገብታ «ደራሲው ከጻፋቸው ሁሉ የሚያስፈራው ይኼ ነው፤ በአስቸኳይ ይታተም» ብላ ጻፈች። አሳታሚውም የደም ጠብታ የሚንጠባጠብበት ወንፊት ሽፋኑ ላይ አሥሎ፣ በትልቁ «ልብ አንጠልጣይ» ብሎ አሳተመው።

ልጅቷ መጽሐፉን ራሷ ያነበበችው ከታተመ በኋላ ነው። እናትዋ ከነገረቻት ታሪክ አንድም የጎደለ የለም። ፍርሃቱ ብቻ የለም።

«አያስፈራም ነው የሚሉት?» አለች እንዳይሆን በስልኩ ውስጥ።

«ጭራሽ አያስፈራም ነው የሚሉት።»

በዚህ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ሴትዮዋ መፍራቷን ትታ መገረም ጀመረች። እሷ ለአራት ቀን ነፍስና ሥጋዋ የተላቀቀበት መጽሐፍ ሌላውን ሰው እንዴት አያስፈራም? ምን አንብበው ነው? ምናልባት ሲያትሙት ገጽ ጎድሎ እንዳይሆን። ዓርብ ምሳዋን ትታ አሮጌውንና አዲሱን መጽሐፍ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋች፤ በአንድ እጇ የአሮጌውን መስመር በመርፌ ጫፍ፣ በሌላው የአዲሱን በጣቷ እየተከተለች ሄደች። አንድ ቃል አልጎደለም።

ቅዳሜ መደብሩ ውስጥ በመደርደሪያዎቹ መካከል ወንበር ተደርድሯል። በሩ ሥር አንባቢዎች የመለሷቸው ቅጂዎች የተጣሉበት ካርቶን አፉ ድረስ ሞልቷል። እንዳይሆን ከኋላ፣ የመዝገበ ቃላት መደርደሪያ ሥር ተቀመጠች። ልጇ ከፊት፣ ከአለቃዋ ጎን፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣብቃ ተቀምጣለች። ደራሲው ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል።

መጀመሪያ የተናገረው ጸጉር አስተካካይ ነው። «እኔ የእርስዎን መጽሐፍ ስይዝ ደንበኛዬን ግማሽ ጸጉሩን ተቆርጦ አስቀምጠዋለሁ» አለ ወደ ደራሲው ዞሮ። «አንዱ እንዲያውም እንደዚያው ሆኖ ሠርግ ሄዷል። ይኼኛውን ግን ጸጉር ቆርጬ፣ ቤት ጠርጌ፣ ፎጣ አጥቤ ነው ያነበብኩት። ገጽ ሃምሳ ደረስኩ፣ ሬሳ የለም። መቶ ደረስኩ፣ የለም። መጨረሻውን አየሁት፣ ሁሉም በሕይወት አሉ።»

ሰው ሳቀ። አንዲት መምህርት ቀጠለች፦ «ሽፋኑ ላይ ደም አለ፤ ውስጡ ግን ጣቱን የተቆረጠ ሰው እንኳ የለም። አንዲት ልጅ የተዋሱትን ወንፊት ለጎረቤት ልትመልስ ትሄዳለች፣ ትቆያለች፣ ትመጣለች። እናትየው ትጠብቃለች። ሁለት መቶ ገጽ እኮ ነው።»

«ልብ አንጠልጣይ ነው ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ» አለ አሳታሚው፣ ልጅቷን በጎን እያየ። «እስቲ ራሷ ታስረዳችሁ።»

ልጅቷ ተነሣች። 

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ለልጄም የነገርኳት እኔው ነኝ።»

እንዳይሆን ተነሥታ ይኼን ተናግራ ሳትጨርስ ምን እንዳደረገች ገባት። ልጇ ዐይኗን ጨፍናለች። አሳታሚው ቀስ ብሎ ወደ ልጅቷ ዞረ። «ሳታነቢው ነው የጻፍሽው?» አላት።

ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም። እንዳይሆን ቁጭ ልበል ብላ ጉልበቷን ስታጥፍ ጸጉር አስተካካዩ «ቆይ፣ እትዬ» አላት። ፊቱ ላይ ፌዝ የለም። «የቱ ጋ ነው ያስፈራዎት?»

«ገጽ ሠላሳ አራት ላይ። በሩ ጋ።»

«በሩ ጋ ምን አለ?»

«እናትየው ሽንኩርት ትከትፋለች» አለች፤ መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «ሁለት ሽንኩርት ነው ያላት። የጎረቤቱ ቤት ሦስት በር አልፎ ነው። የመጀመሪያውን ስትጨርስ ልጅቷ መመለስ ነበረባት። የአጥር በር ሲንቋቋ ትሰማለች፤ ነፋስ ነው። ሁለተኛውን ጀመረች። ዝግ ብላ ትከትፈዋለች፣ ሽንኩርቱ ካለቀ ልጅቷ ቆየች ማለት ነዋ። እንዳያልቅ አድርጋ ትከትፈዋለች። ከዚያ ቀና ስትል የልጅቷ ነጠላ ጫማ በሩ ላይ ነው። ሁለቱም፣ ተስተካክሎ። በምን ሄደች ታዲያ?»

መምህርቷ የራሷን ቅጂ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይኼ መጽሐፉ ላይ አለ?» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

መምህርቷ ገጹን ስታገላብጥ ቆየችና «አለ» አለች። «‹ነጠላ ጫማዋ በሩ ላይ ነበር› ይላል። አንዲት መስመር ናት። እኔ ሬሳ ስፈልግ አልፌያታለሁ።»

«ግን እኮ ትመለሳለች፣ እትዬ» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ገጽ ሁለት መቶ ላይ ነው የምትመለሰው። ሠላሳ አራት ላይ ሆነህ በምን ታውቃለህ?»

«መጽሐፍ ነዋ።»

«እናትየው መጽሐፍ ውስጥ መሆኗን አታውቅም፣ ልጄ።»

ደራሲው መነጽሩን መወልወሉን ተወ።  «መመለሷስ?» አላት። «ስትመለስ አልተነፈሱም?»

እንዳይሆን ይኼኛውን ለልጇ እንኳ አልነገረቻትም፤ ክፉ ነገር ከአፍ ሲወጣ ይሆናል ብላ ስለምታምን ነው። አሁን ግን ሌሎቹም አይተውት እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ይበልጥ የፈራሁት ያኔ ነው» አለች። «ገጽ አርባ ላይ ጎረቤቲቱ ‹ወንፊቴ ደርሶኛል፣ ልጅሽ ሰጥታኝ ሄደች› ትላለች። ወንፊቱንም ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ስትመለስ ግን ወንፊቱን ይዛ ነው የምትገባው። እና እኔ የመጣችው... እሷ ባትሆንስ አልኩ።»

ገጽ የሚገለጥ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ጸጉር አስተካካዩ መጽሐፍ አልያዘም፤ የመምህርቷን በትከሻዋ ላይ ዘንበል ብሎ ያያል። «ይዛለች» አለ ቀስ ብሎ። «በቀኝ እጇ።»

ደራሲው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «መጀመሪያ በጻፍኩት ላይ ልጅቷ አልተመለሰችም ነበር» አለ። «ያን ጊዜ የራሴ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው። ጽፌ ስጨርስ ሄጄ አልጋዋ ላይ ተኝታ አየኋትና መጨረሻውን ቀደድኩት። በአንድ ቀን ሌላ መጨረሻ ጽፌ መለስኳት። ወንፊቱን ረሳሁት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም፣ እኔም ጭምር።» ወደ እንዳይሆን ዞሮም «እህቴ፣ እርስዎ ያነበቡት የቀደድኩትን ነው» አላት።

ጸጉር አስተካካዩ ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ካርቶኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የራሱን ቅጂ መፈለግ ጀመረ። ሁለት ሴቶችም ተከተሉት።

አሳታሚው ይኼን ሲያይ ቆየና ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ። «ያላነበብሽውን መጽሐፍ አነበብኩ ብለሽ ፈርመሻል» አላት። «ይኼ አንድ ጊዜ ያልፋል፤ ሁለተኛ አያልፍም።»

«ገብቶኛል» አለች። እውነትም ገብቷታል፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

«ሽፋኑም ይቀየራል። ደሙ ይውጣ።» ከዚያ እንዳይሆንን ተመለከታት። «ምን እናድርግበት፣ እናት?»

«ነጠላ ጫማ» አለች ሳታመነታ። «ሥሩም ‹ማንም አይሞትም› ብላችሁ ጻፉበት፤ ሰው ሬሳ እየፈለገ እንዳይደክም።»

«ወንፊቱንስ ላስተካክለው?» አለ ደራሲው።

«ኧረ አይንኩት» አለች መምህርቷ ቀድማ።

እናትና ልጅ በእግር ወደ ቤት ሄዱ። መንገድ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር፤ እንዳይሆን ልጇን በውስጥ በኩል አድርጋ አሳለፈቻት። 

«ከአሁን በኋላ ራሴ ነኝ የማነበው» አለች ልጅቷ ማዞሪያው ጋ ሲደርሱ።

«አንብቢ። መንገድ እየተሻገርሽ ግን እንዳይሆን።»

ጥቂት ሄዱ። ልጅቷ ድንገት ቆመች። «እማዬ፣ ታዲያ ወንፊቱን ይዛ የመጣችው ማን ናት?»

«እኔም እሱን ልጠይቀው ብዬ ነበር» አለች እናትዋ፤ የልጇን ክንድ ይዛ ወደ ፊት እየሳበቻት። «‹አላውቅም› የሚለኝ እንዳይሆን ብዬ ፈርቼ ተውኩት።»