የግንባር መርፌ

መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር አንዲት መምህርት ነበረች። ተማሪዎቿ በምልክት ቋንቋ ስሟን ሲጠሩ ሦስት ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አግድም ይስባሉ፤ «ባለ ሦስት መስመሯ» ማለታቸው ነው። ልጆቹ ፊት ትስቃለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን መስታወት ፊት ቆማ ቆዳዋን በጣቷ ወደ ላይ ትለጥጣለች።

ታላቅ እህቷ ራሷን ለሁለት የሚከፍል ማይግሬን ለዓመታት ሲያሠቃያት ኖሯል። በመጨረሻ የነርቭ ሐኪም ግንባሯና ማጅራቷ ላይ ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ወጋትና እፎይ አለች። በዚያው ግንባሯም እንደተተኮሰ ልብስ ተዘረጋ። መምህርቷ ይህን ስታይ ልቧ ተነሣ። ሐኪሙ ጋ ግን ወረፋው ሦስት ወር ነው ተባለች።

«እስከዚያማ አራተኛው መስመር ይወጣል» ብላ ሰፈሯ ወዳለው የውበት ሳሎን ሄደች።

የሳሎኑን ባለቤት ሰው ሁሉ «እጀ ወርቅ» ነው የሚላት። እጀ ወርቅ የመርፌውን መድኃኒት ጠርሙስ ያወጣችው ከማቀዝቀዣ ሳይሆን ማበጠሪያዎች ከተቀመጡበት መሳቢያ ነበር። መምህርቷ አይታለች፤ አፏ ግን አልጠየቀም። ግንባሯን ሰባት ቦታ ከተወጋች በኋላ ሁለት ደግሞ አንገቷ ላይ ተጨመረላት፤ ምርቃት ነው ተብሎ።

በሦስተኛው ቀን መስመሮቹ ድራሻቸው ጠፋ። የሥራ ባልደረቦቿ ምን አግኝተሽ ነው እያሉ ከበቧት፤ ደስታዋን አልቻለችውም። ክፍል ገብታ ግን የቤት ሥራ ሠርታችኋል ወይ ብላ በእጇ ብትጠይቅ መልስ የሰጣት የለም። በምልክት ቋንቋ እንዲህ ያለውን ነገር ጥያቄ የሚያደርገው የቅንድብ መነሣት ነው፤ የእሷ ቅንድብ ደግሞ አልነሣ አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ግራ ተጋብታ፣ ተቆጥተው ነው ወይ ስትል በጣቶቿ ጠየቀቻት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የግራ ዐይኗ ቆብ ወርዶ ቀረ። እጀ ወርቅ በስልክ ይለምድሻል አለቻት። ከሰዓት በኋላ ከፊቷ የቆመው አውቶቡስ ሁለት ሆኖ ታያት። ቤቷ ገብታ ውሃ ብትጎነጭ በአፍንጫዋ ተመለሰ። ወደ እህቷ ደወለች።

«ማን ልበል?» አለች እህቷ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። መዋጥ አቃተኝ።»

ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ሆኖ የእሷ አይመስልም ነበር።

እህቷ ሆስፒታል አደረሰቻት፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ምን እንደተወጋች ሲጠይቃት ሐፍረት ያዛት። እህቷ ክንዷን ቆንጠጥ አድርጋ ተናገሪ አለቻት፤ ተናገረች። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መድኃኒቱ ከመርዝ ነው የሚሠራው» አለ። «ተለክቶ ሲሰጥ ያድናል፤ እኔም ለሕመምተኞቼ እሰጠዋለሁ። እርስዎ የተወጉት ግን ምንጩም መጠኑም አይታወቅም። አሁን የምፈራው ለትንፋሽዎ ነው።»

ማርከሻ ተሰጣት። ማርከሻው መርዙን ከእንግዲህ እንዳይዛመት ያግደዋል እንጂ የያዘውን አያስለቅቅም። ስለዚህ የቀረው መጠበቅ ነበር። ነርሷ በየሰዓቱ እየመጣች በአንድ ትንፋሽ ታስቆጥራታለች። መጀመሪያ ሃያ ስድስት ደረሰች። ቀጥሎ ሃያ። ከዚያ አሥራ አምስት። ነርሷ ቁጥሩን ስትጽፍ ፊቷን ታዞራለች። የመተንፈሻ መሣሪያ እየተገፋ ገብቶ አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

እህቷ እጇን ይዛ፣ እንዲህ ረጋ ማለትሽ ደግ ነው አለቻት። የመምህርቷ ልብ ግን ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ፍርሃቷ የሚወጣበት ፊት አጣ።

«ፊቴን አይተሽ እንዳትሸወጂ፣ እትዬ» አለች። «ፈርቻለሁ።»

እህቷ ያን ጊዜ አልጋው ላይ ወጥታ አቀፈቻት።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ቆጠረች። ቀትር ላይም አሥራ ሁለት። ሐኪሙ መጥቶ ደረቷን አዳመጠና አንድ ሰዓት እንጠብቅ ብሎ ወጣ። ነርሷ ተመልሳ ስታስቆጥራት አሥራ አራት ላይ ደረሰች።

ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። የጤና ቁጥጥር ሰዎች የእጀ ወርቅን ሳሎን አሽገውት፣ መሳቢያው ውስጥ ምንም ያልተጻፈባቸው ጠርሙሶች ማግኘታቸውን ሰማች። የዐይኗ ቆብ የተነሣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ቅንድቧ ከዚያም ቆየ፤ እስከዚያው ስትጠይቅ ራሷን ወደፊት ሰበር እያደረገች ልጆቹን አስለመደቻቸው።

የእህቷ መርፌ የሚደገምበት ጊዜ ሲደርስ ወደ ነርቭ ሐኪሙ አብራት ሄደች። እህቷ ያን ሳምንት ሕመሙ ተመልሶባት መብራት ማየት አትችልም ነበር። መምህርቷ እዚያ ያለውን ነርስ የመድኃኒቱን ጠርሙስ እንዲያሳያት ለመነችው። ቅር ሳይለው ከማቀዝቀዣ አውጥቶ አሳያት። ማሸጊያውን፣ የአምራቹን ስም፣ ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበች። ሁሉም ደህና ነበር።

«ግቢ፣ እትዬ» አለች።

እህቷ ተነሣች፤ ግን መግባት አልቻለችም። መምህርቷ የእህቷን እጅ አልለቀቀችም ነበር።